ገንዘቡ የት ገባ? በባንክ የቴክኖሎጂ ሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚጠብቃቸው ተማሪዎች

አንድ ደንበኛ ከኤቲኤም ማሽን ፊት ቆሞ 2,000 ብር ይጠይቃል እንበል። ማሽኑ ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ የኔትወርክ መስመሩ ይቋረጣል፤ ብሩን ሳይሰጥም ካርዱን ይመልሳል። ደንበኛው ስልኩን ሲመለከት ግን ከሒሳቡ 2,000 ብር መቀነሱን የሚገልጽ መልእክት ደርሶታል። ገንዘቡ የት ገባ?

ጥያቄው በባንክ መስኮት ፊት ለተሰለፈ ሰው የብሶት ጥያቄ ነው። በባንክ የቴክኖሎጂ ክፍል ለመቀጠር ለሚያመለክት ምሩቅ ደግሞ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚወጡ የኮምፒዩተር ሳይንስ፣ የምሕንድስና፣ የሒሳብ፣ የስታቲስቲክስና የፊዚክስ ምሩቃን የባንኮችን የሥራ ማስታወቂያ በጉጉት ይጠባበቃሉ። አመልካቹ ብዙ፣ የሥራ መደቡ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያ የጽሑፍ፣ ቀጥሎ የቃል ፈተና ይሰጣል። በጽሑፍ ፈተናው የተሳካለት ጎበዝ ተማሪ በቃል ፈተናው ሲሰናከል መስማት ለመምህር ቀላል አይደለም። የቀድሞ ተማሪዎቼ ከፈተና ሲመለሱ የሚነግሩኝን ሳጠናቅር መሰናክሉ ተደጋጋሚ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ፍቺ ሸምድደው ይገባሉ፣ የሚጠየቁት ግን ምክንያት ነው።

«ዳታቤዝ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም መልስ አለው። «ዳታቤዙ በሥራ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ የደንበኛው ገንዘብ ምን ይሆናል?» ሲባል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባንክ ከቴክኖሎጂ ባለሙያ የሚሻው ዋናው ነገር እያንዳንዷ ሳንቲም የት እንዳለች ተከትሎ የማስረዳት ችሎታ መሆኑን ማሳየት ነው። ይህ ችሎታ ደግሞ ለሳይንስ ተማሪ እንግዳ አይደለም።

የገንዘብ ጥበቃ ሕግ

በፊዚክስ ትምህርት ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋምም፤ መልኩን ብቻ ይለውጣል እንላለን። በአንድ ሙከራ ኢነርጂ የጎደለ ቢመስል ሕጉ ፈርሷል ብለን አንደመድምም፤ ያልመዘገብነው ሙቀት ወይም ድምፅ አለ ብለን እንፈልጋለን። ባንክም የሚሠራው በተመሳሳይ ሕግ ነው። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ጣሊያናዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የዘመኑ ነጋዴዎች ይገለገሉበት የነበረውን ባለሁለት ወገን የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዘርዝሮ አስረድቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከአንድ ሒሳብ የወጣ ገንዘብ በሌላ ሒሳብ መግባት አለበት፤ የሁለቱ ወገኖች ድምር ምንጊዜም እኩል ነው።

አሁን ወደ ኤቲኤሙ እንመለስ። ከደንበኛው ሒሳብ 2,000 ብር ወጥቷል፤ በእጁ ግን አልገባም። እንግዲህ ሕጉ ካልፈረሰ ገንዘቡ የሆነ ቦታ መኖር አለበት። ብሩ ራሱ በማሽኑ ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። በመዝገብ በኩል ደግሞ እልባት ያላገኙ ገንዘቦች በሚያዙበት የባንኩ የራሱ ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። ማሽኑ ብሩን መስጠት ሲያቅተው ተቀናሹ እንዲሻር ለባንኩ መልእክት መላክ ነበረበት፤ መስመሩ ስለተቋረጠ ግን አልቻለም። በኋላ በማሽኑ ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ ተቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር 2,000 ብር ትርፍ ይገኛል፤ ገንዘቡም ለባለቤቱ ይመለሳል። ጠያቂው የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን መልስ ነው። በመልሱ ውስጥ አንድም የተሸመደደ ፍቺ እንደሌለ ልብ ይሏል።

ኮምፒዩተር ይህን ሕግ እንዲያከብር ያደረገው ሐሳብ ትራንዛክሽን ይባላል። አሜሪካዊው ጂም ግሬይ በዋነኛነት በዚህ መስክ ላበረከተው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 የኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት አግኝቷል። ከእናት ሒሳብ 500 ብር ቀንሶ በልጅ ሒሳብ ላይ መደመር ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው፤ በትራንዛክሽን ግን እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይም አንዳቸውም አይፈጸሙም። በመካከል መብራት ቢጠፋ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አስቀድሞ የጻፈውን ማስታወሻ አንብቦ የተጀመረውን ይሽራል፣ የተጠናቀቀውንም ያጸናል። የትራንዛክሽንን አራት ባሕርያት በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው «አሲድ» ብሎ መጥራት ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለመደ ነው። ተማሪው አራቱን ቃላት በቃሉ መያዙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከአራቱ አንዱ ቢጎድል በማን ኪስ ላይ ምን ጉዳት እንደሚደርስ በምሳሌ ማስረዳት ካልቻለ ቃላቱ ብቻቸውን አይጠቅሙትም።

ዝምታ መልስ አይደለም

አንድ ሰው በስልኩ 300 ብር ይልካል። ስልኩ ጥያቄውን ልኮ መልስ ቢጠብቅም መልስ የለም። ጥያቄው ባንኩ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆን? ወይስ ደርሶና ተፈጽሞ መልሱ በመንገድ ጠፋ? ከስልኩ በኩል ሲታይ ሁለቱ ሁኔታዎች ፈጽሞ አይለዩም። ስልኩ ጥያቄውን ደግሞ ቢልክ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ሊቀነስ ይችላል፤ ባይልክ ጨርሶ ላይላክ ይችላል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጥያቄ በላኪው በኩል የማይደገም መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ስልኩ ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢልክ እንኳ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ባንኩ «ይህን ፈጽሜዋለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ይደግማል እንጂ ገንዘብ አይቀንስም። ኔትወርክ በየደቂቃው በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚያገለግል ባንክ ይህ የዕለት እንጀራ ነው።

ሌላም የተለመደ ጥያቄ አለ። ባልና ሚስት በጋራ ሒሳባቸው 1,000 ብር አላቸው። ባል አዲስ አበባ፣ ሚስት ባሕር ዳር ሆነው በአንድ ቅጽበት እያንዳንዳቸው 800 ብር ለማውጣት ይጠይቃሉ። ሁለቱም ማሽኖች ቀሪ ሒሳቡን ያነባሉ፤ ሁለቱም 1,000 ብር ያያሉ፤ ሁለቱም «ይበቃል» ብለው 800 ብር ይሰጣሉ። ባንኩ 600 ብር ከሰረ። ስሕተቱ ማንበብና መቀነስ ተለያይተው መካሄዳቸው ነው። አንዱ ጥያቄ ተጠናቆ እስኪወጣ ድረስ ሌላው በር ላይ እንዲጠብቅ ማድረግ አንዱ መፍትሔ ነው። «በር ላይ መጠበቅ ወረፋ አያበዛም ወይ?» የሚል ተከታይ ጥያቄ ቢመጣ ተማሪው ሊደነግጥ አይገባም። ጥያቄው የተመለሰውን መልስ ለማፍረስ የመጣ አይደለም፤ ሐሳቡ እስከ የት እንደሚዘልቅ ለማየት ነው። ወረፋው ለዚያ አንድ ሒሳብ ብቻ እንጂ ለባንኩ ደንበኞች ሁሉ እንዳልሆነ ማስረዳት ይበቃል።

አንድ አሥረኛና የቫንኩቨር ገበያ

አንድ ሦስተኛን በአሥርዮሽ ብንጽፍ 0.333... እያለ ማለቂያ እንደሌለው እናውቃለን። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በሁለትዮሽ ስለሆነ አንድ አሥረኛም ለእርሱ እንዲሁ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ነው። ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። በፓይተን ፕሮግራም 0.1 እና 0.2 ቢደመሩ የሚገኘው መልስ 0.30000000000000004 ነው። አሥር ሳንቲም የአንድ ብር አንድ አሥረኛ በመሆኗ ነገሩ ለባንክ ቀልድ አይደለም። ጠንቃቃ ባለሙያ ገንዘብን በዚህ ዓይነት ቁጥር አይመዘግብም፤ ወይ በሙሉ ሳንቲም ይቆጥራል፣ ወይም ለአሥርዮሽ ስሌት ተብሎ በተዘጋጀ የቁጥር ዓይነት ይጠቀማል።

ትንሽ ስሕተት ስትጠራቀም ምን እንደምታደርስ የካናዳው የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ ታሪክ ያስተምረናል። ገበያው እ.ኤ.አ. በጥር 1982 አዲስ የዋጋ ማመልከቻ ቁጥር ከ1,000 ጀመረ። በኅዳር 1983 ቁጥሩ ወደ 524 ወርዶ ተገኘ፤ በትክክል ሲሰላ ግን ከ1,098 በላይ መሆን ነበረበት። ገበያው ሳይወድቅ ቁጥሩ ብቻ ወደቀ። ምክንያቱ ቁጥሩ በተሰላ ቁጥር ከሦስተኛው የአሥርዮሽ ቤት በኋላ ያለው ወደ ቅርቡ አኃዝ ሳይጠጋጋ እየተቆረጠ መጣሉ ነበር።

ተማሪ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይህን መመርመር ይችላል። እያንዳንዱ ቆረጣ ከ0 እስከ 0.001 ያጎድላል፤ በአማካይ 0.0005 እንበል። ስሌቱ በቀን 3,000 ጊዜ ገደማ ይካሄድ ነበር፤ ስለዚህ በቀን 1.5 ይጎድላል። በወር 20 የሥራ ቀን ብንወስድ 30፣ በ22 ወር 660 ይሆናል። በእርግጥ የጎደለው 574 ገደማ ነበር። በጥቂት መስመር የተሠራ ግምት ለእውነቱ ይህን ያህል ከቀረበ ምክንያቱን አግኝተነዋል ማለት ነው።

ቢጠጋጋስ ኖሮ? አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ወደ ታች ስለሚስት ስሕተቱ ራሱን እያጣፋ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሒደት በፊዚክስ የሰካራም ጉዞ ይባላል፤ የስሕተቱ መጠን የሚያድገው በእርምጃው ብዛት ሳይሆን በብዛቱ ካሬ ሥር ነው። ከ1.3 ሚሊዮን ስሌት በኋላ የሚጠበቀው ስሕተት ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም። የፊዚክስ ተማሪዎች ባንክ የእኛ ቦታ አይደለም ብለው እንዳያፈገፍጉ አንድ ነገር ላክል። የዚህን ጉዞ ሒሳብ ፈረንሳዊው ሉዊ ባሽልዬ ለአክሲዮን ዋጋ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1900 በመመረቂያ ጽሑፉ ነው፤ አንስታይን በፈሳሽ ውስጥ ስለሚርመሰመሱ ቅንጣቶች ከጻፈበት ከ1905 በአምስት ዓመት ይቀድማል።

ግምትና ማንቂያ ደወል

«ባንካችን በሰከንድ ስንት ጥያቄ ማስተናገድ አለበት?» ቢባል ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ አይኖርም፤ አይጠበቅበትምም። 10 ሚሊዮን ደንበኛ ቢኖር፣ ከአምስቱ አንዱ በቀን አንድ ጊዜ ቢጠቀም 2 ሚሊዮን ጥያቄ ይሆናል። ይህ በ10 ሰዓት፣ ማለትም በ36,000 ሰከንድ ውስጥ ቢከፋፈል በሰከንድ 56 ገደማ ነው። ይሁንና አገልግሎቱ በአማካይ ቀን ብቻ አይለካም። ደመወዝ በሚገባበትና በበዓል ዋዜማ ጥያቄው አሥር እጥፍ ቢሆን ወደ 560 ይደርሳል። ግምቱን ከየት እንዳመጣ የሚናገር ተፈታኝ ቁጥሩ ቢስት እንኳ መንገዱ ይታወቅለታል።

የማጭበርበር መከላከያ ፕሮግራምን የሚመለከት ጥያቄም እንዲሁ በቁጥር ይፈታል። ከ10,000 ክፍያዎች አንዱ የማጭበርበር ነው፤ ፕሮግራሙ ከማጭበርበሮች 99 በመቶውን ይይዛል፤ ከንጹሐን ክፍያዎች ደግሞ 1 በመቶውን በስሕተት ይጠረጥራል እንበል። ደወሉ ሲጮኽ ክፍያው የማጭበርበር የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ብዙ ሰው 99 በመቶ ይላል። እንቁጠር። ከአንድ ሚሊዮን ክፍያዎች 100ው የማጭበርበር ናቸው፤ 99ኙ ይያዛሉ። ከቀሩት 999,900 ንጹሐን ደግሞ 9,999 ይጠረጠራሉ። ደወሉ 10,098 ጊዜ ሲጮኽ እውነቱ 99 ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህን የቆጠረ ተማሪ ደወል በተሰማ ቁጥር የደንበኛን ሒሳብ መዝጋት ስንት ንጹሕ ሰው እንደሚያጉላላ ያስተውላል።

ሥነ ምግባርም ፈተና ነው

ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በገጠመው የሥርዓት ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጿል። ወሬው በስልክ ሲዛመት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ያሉ ኤቲኤሞች በተማሪ ተጨናነቁ፤ በማግሥቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያላግባብ የተወሰደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ አብዛኛውም ተመልሷል። የገንዘብ ጥበቃ ሕግን የተረዳ ሰው ያ ገንዘብ ከሰማይ እንዳልወረደ ይገባዋል። እያንዳንዱ ብር ከአንድ መዝገብ ወጥቶ በሌላ ስም ተጽፏል፤ ፈለጉም ተለይቶ ይታወቃል።

ጠያቂው «በዚያች ሌሊት ተረኛው አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ቢል ምን ይመለሳል? ምክንያቱን ለማወቅ ከመሯሯጥ በፊት ጉዳቱ እንዳይሰፋ የክፍያ መንገዶቹን ማስቆም፤ ሳይደባብቁ ለበላይ ማሳወቅ፤ አንድም መዝገብ ሳይሰርዙ ማቆየት፤ ከዚያም ምክንያቱን መፈለግና ሒሳቡን ማመሳከር። ብቻን በድብቅ ማስተካከል ጀግንነት አይደለም። በባንክ ሥራ አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው ሳያጸድቀው የማይፈጸመው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ኩባንያ በ45 ደቂቃ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። አዲሱ ፕሮግራም ከስምንት ሰርቨሮች በአንደኛው ላይ ሳይጫን ቀርቶ ነበር፤ ሥራውን ያየ ሁለተኛ ባለሙያም አልነበረም።

ዝግጅቱ እንዴት ይሁን?

በመጀመሪያ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የኔትወርክ፣ የዳታቤዝ፣ የፕሮግራም ሥራና የመረጃ ደኅንነት ባለሙያ የሚፈለግባቸው ነገር ይለያያል፤ ሁሉን በጥቂቱ መነካካት ለአንዱም አያበቃም።

ቀጥሎ፣ ትንንሽ ነገሮችን በእጅ መሥራት። ለምሳሌ በባንክ ካርድ ላይ ያለው የመጨረሻው አኃዝ ማረጋገጫ ነው። ዘዴውን የፈለሰፈው የአይ.ቢ.ኤም. ባለሙያ ሐንስ ፒተር ሉን ሲሆን የባለቤትነት መብቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ተሰጥቶታል። 5731 የሚል ቁጥር ብንወስድ ከቀኝ ጀምረን አንዱን እየዘለልን በሁለት እናባዛለን፤ ውጤቱ ከ9 ከበለጠ 9 እንቀንሳለን። 1 ወደ 2፣ 7 ወደ 14 ከዚያም ወደ 5 ይለወጣል፤ 3 እና 5 እንዳሉ ይቀራሉ። ድምሩ 15 ነው፤ ወደ 20 ለመሙላት 5 ያስፈልጋልና ሙሉ ቁጥሩ 57315 ይሆናል። ጸሐፊው ተሳስቶ 53715 ቢል ድምሩ 25 ስለሚሆን ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል። ይህን አንድ ጊዜ በወረቀት የሠራ ሰው አሥር ጊዜ ካነበበው ይልቅ ያስታውሰዋል።

ሦስተኛ፣ ጮክ ብሎ ማስረዳት። ብዙዎቻችን የተማርነው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ቃሉን እንይዛለን፣ ነገሩን ግን አንጨብጥም። ትራንዛክሽንን ኮምፒዩተር ለማያውቁ እናት በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ተማሪ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠየቅ አይቸገርም። የመመረቂያ ሥራንም እንዲሁ በሦስት ደቂቃ መናገር መለማመድ ያሻል፤ ምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልሠራና ለምን እንደሆነም ጭምር።

በመጨረሻም፣ «አላውቅም» ማለትን መማር። የማያውቁትን እንደሚያውቁ አድርጎ መናገር በባንክ ሥራ ከድንቁርና የከፋ ነው። «ይህን አላውቅም፤ ለማወቅ ግን በመጀመሪያ መዝገቡን እመለከታለሁ፣ ቀጥሎም ይህን እሞክራለሁ» የሚል መልስ የተመራማሪ መልስ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከጓደኛ ጋር ተቀምጣችሁ ልትሠሯቸው የምትችሉ ሦስት ጥያቄዎች እነሆ። አንድ፤ የ4829 ማረጋገጫ አኃዝ ስንት ነው? ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቢቀያየሩ የሉን ዘዴ የማያጋልጣቸው የትኞቹ ናቸው? ሁለት፤ አበበ ለከበደ፣ ከበደም ለአበበ በአንድ ቅጽበት ገንዘብ ይልካሉ። ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ የእያንዳንዱን ላኪ ሒሳብ ይቆልፋል፣ ከዚያም የተቀባዩ እስኪከፈት ይጠብቃል። ምን ይፈጠራል? ሦስት፤ 100 ብር ለሦስት ወንድማማቾች እኩል ይከፈል ቢባል እያንዳንዳቸው 33 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሳቸዋል። የቀረችው አንድ ሳንቲም በማን ሒሳብ ትመዝገብ? ለምን?